ከፍርግርጉ ማዶ የሚሰማው ዘፈን፦ ከጆሃንስበርግ እስከ ደርባን

ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጆሃንስበርግ

ከአዲስ አበባ ጭቃ አመለጥኩ ብዬ በአንድ ስስ ሹራብ ነበር ከአውሮፕላን የወረድኩት። ጆሃንስበርግ ከእኛ ከተማ ዝቅ ብላ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ትሞቃለች የሚል ስሌት ነበረኝ። ሰኔ ለእነሱም ክረምት መሆኑን፣ ያውም ጠብታ ዝናብ የሌለው፣ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ደረቅ ብርድ ያለው ክረምት መሆኑን ረስቼዋለሁ። አስተናጋጄ ከአየር ማረፊያው በር ላይ ሲያየኝ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ካፖርቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ መጣል ነው፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ መጣ።

የአብሮ አደጌ ታላቅ ወንድም ነው። የሆሳዕና ልጅ፣ ደቡብ አፍሪካ ከገባ 17 ዓመቱ። ስሜን እንዳትጽፍ ስላለኝ በዚህ ማስታወሻም እንደ ፊት ለፊቱ «ጋሼ» ብቻ እለዋለሁ። መኪና ውስጥ ለምን እንደመጣሁ ነገርኩት። አማፒያኖ አዲስ አበባ ሠርግ ቤት ድረስ ገብቷል፤ ከእሱ በፊት ክዋይቶ ነበር፤ ደርባን ደግሞ ግቆም አለ። እነዚህ በኮምፒውተር የሚሠሩ የጭፈራ ዘፈኖች ከየትኛው ቤት እንደወጡ፣ ከአፓርታይድ ጋርስ ምን እንደሚያገናኛቸው በቦታቸው ማየት እፈልጋለሁ አልኩት። እየነዳ ሳቀ። «እኔ እዚህ ጸጥታ ፍለጋ ልሞት ነው፣ አንተ ጩኸት ፍለጋ አምስት ሰዓት ተኩል ትበራለህ?»

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የጉዞዬን ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ የአገሩን ታሪክ ግን በእነሱው፣ በአውሮፓውያኑ ነው የምጽፈው። የተማሪዎች ዐመፅ የተነሣበትን 1976ን 1968 ብዬ ብጽፈው፣ የጆሃንስበርጓ ሶዌቶ ራሷ አታውቀውም።

ሰኔ 7፣ ከጄፒ ወደ ካትሌሆንግ

ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች የሞሉበት የመሐል ጆሃንስበርጉ ጄፒ ጎዳና በመንግሥት ሰሌዳ ላይ ጄፒ መባሉ ቀርቷል። አሁን ራሂማ ሙሳ ይባላል፤ በኦገስት 1956 ሃያ ሺህ ያህል ሴቶች፣ ጥቁሮች ይዘው እንዲዞሩ የሚያስገድደውን የይለፍ ወረቀት ሕግ ተቃውመው ፕሪቶሪያ ሲሰለፉ ከመሯቸው አንዷ ናት። ኢትዮጵያዊው ግን ሰሌዳውን ቀና ብሎ አያይም፤ ጄፒ ያው ጄፒ ነው። ድሮ የሐኪሞች ክፍል የነበሩ ፎቆች ከምድር እስከ ላይ በአንሶላ፣ በጫማ፣ በብርድ ልብስና በበርበሬ ተሞልተዋል። ሽሮ በእንጀራ 80 ራንድ በላሁ። አንዱ ራንድ በባንክ ከ7 ብር በላይ ስለሆነ ሒሳቡን በብር መምታት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ መምታት አቆምኩ። በአንድ ኮሪደር ላይ ግራው ሱቅ የሀዲያ ዘፈን፣ ቀኙ ሱቅ አማፒያኖ ከፍቷል። ሻጩ የኔው አገር ሰው ነው። «ትወደዋለህ?» አልኩት። «ገዢው ይወደዋል» አለኝ።

ጋሼ ዕቃ ሊጭን ስለቀረ እኔን ወደ ሰፈሩ ወደ ካትሌሆንግ በሚኒባስ ታክሲ ላከኝ። አንድ ነገር ብቻ ሳይነግረኝ ቀረ። እንደ አዲስ አበባ ልማዴ የጋቢናዋ ወንበር ባዶ ሆና ሳያት ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። በእነሱ ታክሲ ግን ረዳት የለም፤ ገንዘብ የሚሰበስበውም፣ መልስ የሚመልሰውም ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው! ጉዞ እንደጀመርን ከኋላ በትከሻዬ ላይ ብር መዝነብ ጀመረ። አንዱ መቶ ራንድ ሰጥቶ «ሦስት» ይላል፤ ሌላዋ ሁለት መቶ አውጥታ «ሁለት፣ ግን የሷን ከፊት ካለው አስተካክል» ትላለች። ሂሳቡ ለአንድ ሰው 25 ራንድ፣ ለ15 ሰው 375 መሆን ነበረበት። ሾፌሩ ሲቆጥረው 360 ሆነ። አሥራ አምስቷን ከኪሴ ሞላሁ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ በአዘኔታ ብርቱካን ሰጡኝ።

የጋሼ ሱቅ የአንድ የሰፈሩ ሰው ጋራዥ ነው። እንዲህ ያለውን ሱቅ ስፓዛ ይሉታል። በሻጭና በገዢ መካከል ከወለል እስከ ጣሪያ የብረት ፍርግርግ ቆሟል፤ ዳቦ የምታልፍበት አንዲት መስኮት አለችው። ሕፃኑም ሽማግሌውም «ማይ ፍሬንድ» እያለ ይጠራዋል። ጋሼ የገባው በ2008 ነው፤ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥቃት ተነሥቶ ከ60 በላይ ሰው በሞተበት ዓመት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሱቁ ተዘርፎበታል። ከሚዛኑ በላይ በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተለጥፏል። ባለፈው ኅዳር፣ ሕፃናት በምግብ መመረዝ ከሞቱ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ራማፎዛ የሰፈር ሱቅ ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ባዘዙ ጊዜ ያስገባው የማመልከቻ ደረሰኝ ነው። ሰው ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ ወረቀቷ ላይ ያርፋል፤ አለች ወይስ የለችም።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ማዶ ያለው መጠጥ ቤት ድምፅ ማጉያውን በረንዳ ላይ አወጣ። አማፒያኖን በጆሮ ማዳመጫ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሌላ ነገር ነው። ፒያኖው ርቆ፣ ለስለስ ብሎ ይመጣል፤ ሎግ ድራም የሚሉት ወፍራም ምት ግን በአየር ሳይሆን በመሬት ነው የሚመጣው፤ ባዶ ግንድ ከሥር እየተመታ ይመስላል። ፍሩቲ ሉፕስ በሚባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ ካለ አንድ ዝግጁ ድምፅ ነው የተነሣው፤ የሰፈር ልጆች ጎትተውና አጉብጠው ይኸው የዓለም ድምፅ አደረጉት። መደርደሪያው ላይ የዓሣ ቆርቆሮዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ጠርዝ ሲራመዱ በዓይኔ አየሁ። ጋሼ ቀና እንኳ ሳይል በእጁ መለሳቸው። በለስላሳ ጠርሙሶቹ መካከል ካርቶን ቆርጦ ሻጥ ሻጥ አድርጓል፣ እንዳይንጫጩ። ዘፈኖቹን በስም አያውቃቸውም፤ በሽያጭ ግን ያውቃቸዋል። «ይቺ ስትገባ አሁን ሲጋራ ይመጣል» አለ። ሦስት ልጆች መጥተው ፍሬ ሲጋራ ገዙ።

ይህ ሰፈር ከ1990 እስከ 1994 ጦር ሜዳ ነበር። በካትሌሆንግ፣ በቶኮዛና በቮስሎሩስ ኤኤንሲና ኢንካታ የሚባሉት ተቀናቃኝ ፓርቲዎች ደጋፊዎች ተጨራርሰዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በር የሚዘጋበት ዘመን። አማፒያኖን በ2010ዎቹ አጋማሽ ያወጡት ከዚያ ወዲህ ያደጉ ልጆች ናቸው። ፕሪቶሪያም፣ ሶዌቶም፣ አሌክሳንድራም «የኛ ነው» ይላሉ። የቡናን መገኛ ክርክር ያየ ሰው ይህ አይደንቀውም።

ሰኔ 8፣ ካትሌሆንግ

እሑድ ነው። ሺሳ ኛማ ሄድን። ሥጋ ቤት ገብተህ ጥሬውን ታስመዝናለህ፣ ከጓሮ ይጠብሱልሃል፤ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት የማያስፈልገው ተቋም። ልዩነቱ እንጀራው ቦታ ላይ ፓፕ የሚባል፣ ከገንፎ ጠንከር ያለ ነጭ የበቆሎ ምግብ መቅረቡ ነው። ቅቤና በርበሬ መሐሉ ቢገባ ኖሮ እወደው ነበር።

ጋሼ ያስተዋወቀኝ ሰው ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ በ1994 ጥቁሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡበት ምርጫ ሲደረግ 19 ዓመቱ ነበር። የክዋይቶ ልጅ ነኝ ይላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከቺካጎ የሚመጣውን የሀውስ ሙዚቃ ሸክላ ፍጥነቱን ቀንሰው፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 110 ምት አውርደው፣ ላዩ ላይ በሰፈር ቋንቋ ሐረግ መደጋገም ጀመሩ። ስሙ በአፍሪካንስ «ክዋይ»፣ ማለትም ቁጡ፣ ከሚለው ቃል ጋር ይያያዛል። «ለምን ቀነሳችሁት?» ስለው ተነሥቶ አሳየኝ። ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ትከሻውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ የሚቸኩልበት ምንም እንደሌለው ሰው ሁለት እርምጃ ሄደና ተቀመጠ። «አባቴ በሕይወቱ ሙሉ ሲሮጥ ነው የኖረው። በይለፍ ወረቀት፣ በባቡር ሰዓት።»

ታላላቆች ክዋይቶን ፖለቲካ የለውም፣ ባዶ ጭፈራ ነው ብለው አውግዘውታል። እኔ አልስማማም። በ1995 የአርተር ማፎካቴ ዘፈን ነጭ አሠሪውን «ባስ፣ እንዲህ ብለህ አትጥራኝ» ሲል ርዕሱ ያው ጥቁሮች የሚሰደቡበት ቃል ነበር፤ ከዓረብኛው «ካፊር» የመጣው። ቡም ሻካ የተባለው ቡድን ደግሞ በ1998 ብሔራዊ መዝሙሩን በክዋይቶ ምት አቅርቦ አገር ተንጫጫ። የኛን መዝሙር አንድ ቡድን እንዲህ ቢያደርገው ምን እንደሚፈጠር ለጋሼ ስጠይቀው ጥርሱን እየፋቀ «ለቡድኑ ጥብስ የሚያበላው አይገኝም» አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ በሕግ ማታ ከተማ ውስጥ መገኘት የተከለከለ ሕዝብ ልጅ እስኪነጋ ሲጨፍር፣ ያ ጭፈራ ስለ ምን እንደሆነ በግጥም እንዲያስረዳ መጠየቅ ለእኔ ግራ ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲደርስ የጭፈራ ቤቱ በር ከውስጥ ተቆልፎ እስከ ንጋት ይጨፈር እንደነበር ሲያወራ፣ ስለ ዘፈኖቹ ግጥም አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። ስለ ቁልፉ ነው የሚያወራው።

ሰኔ 9፣ ሶዌቶ

ጁን 16 ሕዝባዊ በዓል ነው። በ1976 በዚህ ቀን የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲማሩ መገደዳቸውን ተቃውመው ሲወጡ ፖሊስ ተኮሰባቸው። የ12 ዓመቱ ሄክተር ፒተርሰን በሌላ ልጅ ክንድ ላይ ተዘርግቶ የሚታይበትን፣ ሳም ንዚማ ያነሣውን ፎቶግራፍ ያላየ ጥቂት ነው። በመታሰቢያው ቦታ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። አንድ የትምህርት ቤት ቡድን ቶዪቶዪ አሳየ፤ ጉልበት እየተነሣ፣ መሬት እየተደቃ፣ መሪ እየጠራ ሕዝብ የሚመልስበት፣ በ1980ዎቹ ሰልፍ ሁሉ የሚመራበት ርምጃ። ሽለላን የሚያውቅ ጆሮ ትርጉም አይፈልግም።

ከቀትር በኋላ ወደ ቪላካዚ ጎዳና ስሄድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ሰው ሁሉ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሷል። ተማሪ ግን አይደለም፤ ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላው ሰው ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ አጭር ቁምጣ፣ እስከ ጉልበት ካልሲ አድርጎ ቢራ ይዟል። የ1976ቱን ልጆች ለማሰብ የሚለበስ ነው፤ ከዚያ ግን ሰፈሩ በሙሉ ወደ ድግስ ይሄዳል። በአንድ ግቢ ውስጥ አማፒያኖው ሲገባ አንድ ቦርጫም ሰውዬ ደብተር ቦርሳውን ሳያወርድ፣ እግሩን በጣም በትንሹ፣ አቧራ ሳያስነሣ፣ ሲያንሸራትት አየሁት። አማፒያኖ ጭፈራው እንዲህ ነው፤ ጉልበት አያባክንም። ከአጠገቤ የቆሙ ነጭ ጸጉር ያላቸው ሰው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በዚያን ቀን ከሰልፈኞቹ አንዱ ነበሩ። «እኛ ይህንን ልብስ ለብሰን ወደ ጥይት ነው የሄድነው» አሉኝ። ጥቂት ዝም አሉና «ቢራ ይዘው እንዲጨፍሩበት አልነበረም» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ግን ለምን ነበር? በአፍሪካንስ ሒሳብ እንዳይማሩ ብቻ ነበር?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። እኔ መልስ አልነበረኝም፤ እሳቸውም አልጠበቁም። ጨፋሪውን ሰውዬ በስም ጠርተው ቦርሳው ክፍት መሆኑን ነገሩት።

ማንዴላና ቱቱ የኖሩበት ይህ ጎዳና ዛሬ የቱሪስት ነው፤ ለአንድ ማኪያቶ 45 ራንድ። የማንዴላ ቤት ወረፋ ስለረዘመ አልገባሁም። ሰውዬው በ1962 ኮልፌ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዱን አጥሩ ላይ ቆሜ ለአንድ ዘበኛ ብነግረው «እናንተ ናችሁ ያስተማራችሁት?» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ከዚያም ለስንት ጊዜ እንደምቆይ ጠየቀኝ።

ሰኔ 10፣ መሐል ጆሃንስበርግ

ሸክላ ሻጭ ዘንድ ዋልኩ። ስለ ሳንሱር ሲነሣ ሰውዬው በጣቱ የሸክላውን መስመር እየተከተለ አሳየኝ። በአፓርታይድ ዘመን የመንግሥቱ ሬዲዮ ኮሚቴ ያልወደደውን ዘፈን ማገድ ብቻ አይበቃውም ነበር፤ ቤተ መዝገቡ ውስጥ ባለው ሸክላ ላይ፣ በዚያች ዘፈን መስመር ላይ ብቻ፣ በስለት ይቧጨር ነበር፤ አቅራቢው ቢሳሳት እንኳ መርፌው እንዲያንሸራትት። ሌላውን ዘፈን ሳይነካ አንዱን መግደል፤ የእጅ ሥራው ጥንቃቄ ራሱ ያስፈራል።

ስለዚህ ዘፋኞቹ እንደኛው ሰምና ወርቅ ተማሩ። በ1980ዎቹ ቺኮ ትዋላ «ማኔሎ፣ ናፍቀኸናል» ብሎ ዘፈነ። ማኔሎ ማን ነው? ፊደሉን ትንሽ አዙሩት፤ ስሙን መጥራት የማይቻለው፣ እስር ቤት ያለው ሰውዬ ይወጣል። ይህ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን የተሠራ፣ እንደ ማስቲካ ቀላል ነው ተብሎ የተናቀ የጭፈራ ዘፈን ነው፤ ክዋይቶ ከእሱ ነው የወጣው። ብሬንዳ ፋሲ ግን በ1990 ሰሙን ጣለችና ስለ ጥቁር ፕሬዚዳንት በግልጽ ዘፈነች። ምርጫው ገና አራት ዓመት ይቀረው ነበር። ሸክላዋ 350 ራንድ ተባለች። ተከራክሬ 300 አወረድኩና፣ ቤቴ ማጫወቻ እንደሌለ ትዝ ሲለኝ መለስኩለት። የሰውዬው ፊት ገና ዓይኔ ላይ አለ።

ሰኔ 11፣ ወደ ደርባን

570 ኪሎ ሜትር፣ 380 ራንድ። ከሀሪስሚዝ በኋላ የአውቶቡሱ ማሞቂያ ተበላሸ። ሾፌሩ ይቅርታ ጠይቆ የወንጌል መዝሙር ከፈተ። የጋሼ ካፖርት ነፍሴን አተረፈ። ከቫን ሪነን ማለፊያ ቁልቁል እንደወረድን አየሩ ተለወጠ፤ ደርባን ስንገባ ሰው በከነቴራ ነበር።

ሰኔ 12 እና 13፣ ክዋማሹ

ያረፍኩት ከከተማው በስተሰሜን ክዋማሹ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል የሚያከራዩ የ74 ዓመት እናት ቤት ነው። ጎጎ ይሏቸዋል፣ አያት ማለት ነው፤ እኔም ጎጎ አልኳቸው። እሳቸው «ምንታናሚ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ቁርስን ጨምሮ ለአዳር 450 ራንድ። እንግሊዝኛቸው አጭር ስለሆነ የልጅ ልጃቸው ያስተረጉማል፤ 21 ዓመቱ ነው፣ ግቆም ይሠራል።

መጀመሪያ ስሙን መጥራት ነበረብኝ። «ቆም» አልኩ። ቆመና ሳቀ። በዙሉ «ቁ» ምላስ ከላንቃ ስትላቀቅ የምታሰማው ጠንካራ ድምፅ ነው፤ ቡሽ ከጠርሙስ ሲነቀል የሚሰማው ዓይነት። የኛ ቀ ለፈረንጅ አስቸጋሪ ነው እያልን ስንኮራ ኖረናል፤ እዚህ የሦስት ዓመት ሕፃን አሸነፈኝ። ቃሉ የከበሮው ድምፅ ነው ይላሉ፤ ከባድ ነገር ሲወድቅ።

ልጁ የሚሠራበት ክፍል የብርድ ልብስ መደርደሪያ ነው። የላፕቶፑ ሦስት ቁልፎች ወልቀዋል፤ በአንደኛው ቦታ የክብሪት እንጨት አቁሟል። ማይክሮፎን የለም፣ ፒያኖ የለም፤ ፍሩቲ ሉፕስ ብቻ። «ተመልከት» አለና አንድ ሀውስ ከፈተ፤ ከበሮው እንደ ልብ ምት ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም ይላል። ከዚያ ከአራቱ አንዱን አጠፋ፣ ሌላውን ገፋ አደረገው። ምቱ ማነከስ ጀመረ። በላዩ እንደ ሩቅ ሳይረን የሚጎተት ጨለማ ድምፅ፣ የተቆረጠች የአንዲት ሴት እስትንፋስ፣ አለቀ። ትከሻዬ ችክችካ መስሎት ቀድሞኝ ተነሣ። በየደቂቃው ሥራውን ያስቀምጣል። በ2023 መብራት በየቀኑ ሲጠፋ የተማረው ልማድ ነው፤ ይህንን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት እንደማያስፈልገው ነገርኩት።

ግቆም በ2010 አካባቢ በእነዚህ ሰፈሮች፣ በኡምላዚ፣ በኢናንዳ፣ በክሌርሞንት፣ ሲነሣ ሬዲዮ ዞር ብሎ አላየውም። ስለዚህ ልጆቹ ለታክሲ ሾፌሮች ሰጡት። ድምፅ ማጉያው ጥሩ የሆነ ታክሲ ተማሪ ያገኛል፣ አዲስ ዘፈን ያለው ሾፌር ይመረጣል፤ ቀሪውን ዋትስአፕ ጨረሰው። አፓርታይድ ጥቁሩን ከከተማ አርቆ ስላሰፈረው ሰው በቀን ሁለትና ሦስት ሰዓት ታክሲ ውስጥ ነው፤ የዚህ ሙዚቃ አዳራሽም ያ መንገድ ሆነ። ከክሌርሞንት የተነሣው ዲጄ ላግ በ2019 ቢዮንሴ ባሳተመችው አልበም ላይ ሠርቷል። የኔ አስተርጓሚ ደግሞ ካለፈው ዓመት ትልቁ ድሉ 14 ታክሲ ነው። «አሥራ አራት ሾፌር» አለኝ፣ በጣቱ እየቆጠረ።

ማታ ጎጎ ስለ ሰፈሩ አወሩኝ። የተወለዱት እዚህ አይደለም፤ ኬቶ ማነር ነው፣ ለከተማው ቅርብ የነበረ ሰፈር። ከ1958 ጀምሮ መንግሥት እያፈረሰ ሰዉን ወደ ክዋማሹ አመጣው። ስሙ እንኳ የስኳር ባለሀብት የነበረው የማርሻል ካምቤል ስም ነው፤ «የማርሻል ቦታ»። እናታቸው የማሽላ ጠላ ጠማቂ ነበሩ። ደርባን ግን በ1908 የወጣን ሕግ ይዞ ጠላ መጥመቅና መሸጥን የማዘጋጃ ቤቱ ብቻ አድርጎት ነበር፤ ወንዱ የማዘጋጃ ቤቱ ጠላ ቤት ገብቶ ይጠጣል፣ በዚያ ትርፍ ራሱን ጥቁሩን ያስተዳድሩበታል፣ ይቆጣጠሩበታል። አስቡት፤ ጉለሌ ያሉ ጠላ ሻጮች ጋን ሁሉ ተሰብሮ፣ ጠላ የሚሸጠው ቀበሌ ብቻ ነው ቢባል፣ በትርፉም የቀበሌው ዘበኛ ዱላ ቢገዛ። በጁን 1959 የኬቶ ማነር ሴቶች ዱላ ይዘው ጠላ ቤቶቹን ወረሩ፣ ወንዶቹን አስወጡ፣ ጠላውን ደፉ። ጎጎ ስምንት ዓመታቸው ነበር። የሚያስታውሱት ፖሊሱን አይደለም፤ ሽታውን ነው። ፖሊስ ከቤታቸው ጓሮ የተቀበረውን በርሜል አውጥቶ ሲደፋው አፈሩ ለሳምንት ጠላ ጠላ ሸተተ፣ ዶሮዎቹ እየተንገዳገዱ ዋሉ። ይህንን ሲሉ በጣም ሳቁ።

ከዚያ የጓሮው ክፍል ከበሮ ግድግዳውን መታው። «እኛ ስንዘፍን ፖሊስ ቃሉን ያዳምጥ ነበር» አሉ። «የዚህ ልጅ ቃል የለውም። ምኑን ይይዙታል?» ይህን እንደ ሙገሳ ይሁን እንደ ስሞታ እስካሁን አላወቅኩም። አስተርጓሚውም ሳቀና ሳይተረጉም ሊያልፍ ሞክሮ ነበር።

ሐሙስ ቀን ጎጎ ቀይ ሸሚዝ፣ ነጭ ቆብ፣ ጥቁር ጉርድ ለብሰው ወደ እናቶች ጸሎት ሄደው ነበር፤ የሜቶዲስት እናቶች ሐሙስ ሐሙስ ይሰበሰባሉ። መዝሙር የሚለማመዱበት ፍላሽ ቴሌቪዥኑ ሥር ባለች የቆርቆሮ ሳህን ውስጥ ይቀመጣል። ዓርብ ማታ ልጁ የራሱን 40 ያህል ሥራ በሌላ ጥቁር ፍላሽ ገልብጦ፣ ጠዋት እንዳትረሳው ብሎ እዚያችው ሳህን ውስጥ አስቀመጠልኝ።

ሰኔ 14፣ ደርባን

ጠዋት ባሕር ዳር ሄድኩ፤ በአፓርታይድ ጊዜ እያንዳንዱ ዘር የራሱ አሸዋ ነበረው። ዛሬ ሕፃናት በፕላስቲክ ጠርሙስ ባሕሩን እየቀዱ ለቤታቸው ይወስዳሉ። በኒ ቻው በላሁ፤ ሩብ ዳቦ መሐሉ ተፈልፍሎ በበግ ቅመም ወጥ የተሞላ፣ 95 ራንድ። የደርባን ሕንዶች የፈጠሩት ነው። ቅመሙ የኛን አፍ ያውቃል፤ ከፓፕ በኋላ እንደ ዕርቅ ነበር። ሹካ ጠይቄ ሳቁብኝ፣ ከዚያ በኋላ በእጄ እንዴት እንደምበላ አይተው ዝም አሉ።

ጋሼ ጆሃንስበርግ አየር ማረፊያ ሸኘኝ። ካፖርቱን ላወልቅ ስል «አዲስ አበባም ክረምት ነው» አለና ገፋኝ።

ሐምሌ 3፣ አዲስ አበባ

ፍላሹን የከፈትኩት ቤተሰብ ሰብስቤ ነው። ስለ ግቆም ግማሽ ሰዓት ካስረዳሁ በኋላ ቁልፉን ተጫንኩ። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች በዙሉ በቀስታ መዘመር ጀመሩ። ቀጣዩም መዝሙር፣ ቀጣዩም።

ማታ ከክዋማሹ በዋትስአፕ መልእክት መጣ። ያለፈው ሐሙስ ጎጎ ሳህኑ ውስጥ የቀረውን ፍላሽ ይዘው ሄደው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ላይ ራሳቸው ሰኩት። ድምፁ እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጎ ነበር። ልጁ እንደጻፈው ጎጎ ሦስት ቀን አላነጋገሩትም፤ ከቀይ ለባሾቹ አንዷ ግን አራተኛው ዘፈን ለልጇ ታክሲ እንዲላክላት ቁጥሯን ሰጥታዋለች። አሥራ አምስተኛው መሆኑ ነው።

ጎጎ መዝሙራቸውን ይፈልጋሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ጋሼ ዘንድ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ላይ እያስከፈተችኝ ስለሆነ ሳልገለብጥላት እንዳልልክ አስጠንቅቃኛለች። ካፖርቱም አብሮ ይሄዳል።